ከሸለቆው አፍ የተመለሰ አለቃ

አንድ የደን እሳት አጥፊዎች አለቃ ነበር። ይስማው ይባላል። ሥራው ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ አልነበረም። ዝናቡ ቆሞ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ይቀጠራል፤ የበልግ ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ይሰናበታል። በቀረው ጊዜ እንጨት ይጠርባል፣ በርና መስኮት ይሠራል፣ ክረምት ሲገባ ድንች ይተክላል። በበጋ ግን አንድ የውሃ መኪና ከነፓምፑና ከነሠራተኞቹ ይሰጠውና ከመንደሩ በላይ ያለውን ደን ጠብቅ ይባላል።

አብረውት ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር። አንማው ሾፌሩ ነው። ደፋርና ፈጣን፣ ያን ከባድ መኪና በጠባብ መንገድ ላይ እንዳሻው የሚያዝ ሰው ነበር። ትርንጎ ቱቦ ያዥ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንሽ ልጇን ለእናቷ እየተወች በየበጋው ትመጣለች። ክንዴ ጉልበተኛው ነው። በዶማና በመጥረቢያ ሣርና ቁጥቋጦ መንጥሮ የእሳት መከላከያ መስመር ሲያወጣ የሚያህለው አልነበረም፤ ምላሱም እንደ ጉልበቱ ነበር።

ይስማው አንድ ልማድ ነበረው። እሳት ወዳለበት ሲደርሱ ወዲያው ቱቦ አያስፈታም። መጀመሪያ መኪናውን ያስቆማል፣ ይወርዳል፣ ነፋሱን ያያል፣ ሠራተኞቹንም አንድ በአንድ "ምን ታያለህ? ምን ታያለሽ?" ብሎ ይጠይቃል። መውጫ መንገዱን ሳያይ አንድም ቀን ሰው አስገብቶ አያውቅም። ክንዴ ይህን ልማድ አይወደውም። "እኛ ስናወራ እሳቱ ይበላል" ይል ነበር። አንማውም በአፉ ባይናገረው በልቡ እንደዚያው ያስብ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በማር ሸለቆ ራስ ላይ ጭስ ታየ። ሸለቆው ስሙን ያገኘው ከቀፎዎቹ ነው። ፈንቴ የሚባል ንብ አርቢ በጥዶቹ ላይ ቀፎ ይሰቅልበታል። ፈንቴ ልጅ አልወለደም። ንቦቹን ከአባቱ ወርሷል፤ አባቱም ከአባቱ ወርሶ ነበር። ወደ ሸለቆው የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ደረቅ ሣር በለበሱ ሁለት ተዳፋቶች መካከል ይገባና ቀፎዎቹ ካሉበት ሲደርስ ያበቃል። መኪና አንዴ ከገባ ማዞሪያ የለውም፤ የሚወጣው በኋላ ማርሽ ነው።

ይስማው እንደ ልማዱ መኪናውን ከሸለቆው አፍ ላይ አስቆመና ወረደ። እሳቱ ገና ከላይ ነው፤ ቀፎዎቹ ጋ አልደረሰም። ነፋሱ ግን አላማረውም። አንዴ ከላይ ይመጣል፣ አንዴ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ከታች ይነሳል። ከመንገዱ በስተግራ፣ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፍንጣሪ ወድቆበት ይሁን በሌላ ምክንያት ቀጭን ጭስ ከሣሩ መሃል ይወጣል።

"ምን ታያላችሁ?" አለ።

"ጊዜ ሲያልፍብን ነው የማየው" አለ አንማው መሪውን እንደያዘ። "ውሃችን ሙሉ ነው። ገብተን ዙሪያውን አርሰን እንወጣለን።"

"ያ ጭስስ?"

"እሱ ምን አለው? ራሱ ይጠፋል።"

"ሊጠፋ ይችላል" አለ ይስማው። "ባይጠፋስ? እኛ ውስጥ ሆነን ነፋሱ ከታች ቢነሳና ያን ሣር ቢያነደው በምን እንወጣለን?"

በዚህ መሃል ፈንቴ እያለከለከ ከታች ደረሰ። ነጠላው ከትከሻው ወርዶ መሬት ይጎተታል።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" ብሎ ጮኸ። "ግቡ እንጂ! ገና አልደረሰባቸውም! ይስማው፣ ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል? ገና አልደረሰባቸውም እኮ!"

ይስማው መግባት ፈልጎ ነበር። ፈንቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በሠርጉ ቀን የተጠጣው ጠጅ የእነዚያ ቀፎዎች ማር ነው። እግሩ ወደ መኪናው ሲራመድ ይገባል ብለው ሁሉም ጠብቀው ነበር። እሱም ራሱ እገባለሁ ብሎ ነበር የተራመደው። የመኪናውን በር ሲከፍት ግን ትርንጎን አያት። ቱቦውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ያን ቀጭን ጭስ ትመለከት ነበር።

"አዙር" አለው አንማውን።

"ወዴት?"

"ወደ ኋላ። በተራራው ትከሻ በኩል የመከላከያ መስመር እናወጣለን። ሸለቆው ውስጥ አንገባም።"

አንማው አለቃውን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ አዞረ። ፈንቴ መንገዱ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ የመኪናው አቧራ ሸፈነው።

እስኪመሽ ድረስ ከሸለቆው ውጭ ባለው ትከሻ ላይ ሣር ሲመነጥሩና መሬት ሲቆፍሩ ዋሉ። እሳቱ ወደ መንደሩ አልተሻገረም። ቀፎዎቹ ግን ተቃጠሉ። ከሁሉም የከፋው ነገር እሳቱ ይስማው እንደፈራው አለመሆኑ ነው። ነፋሱ ከታች አልተነሳም። እሳቱ ቀስ እያለ፣ እንደ ደከመ ከብት፣ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ያ ቀጭን ጭስ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ጠፋ። መንገዱ እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር። በማግስቱ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሄዶ አየ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሣር እንደ ቆመ ነው።

የደን ጥበቃ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ አበጀ የሚባሉ፣ በመንደሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ይስማውን ከፊታቸው አቁመው ጠየቁት።

"እስቲ ንገረን፤ መግባት ይቻል ነበር ወይስ አይቻልም?"

"አሁን ሲታይ ይቻል ነበር" አለ ይስማው።

"ታዲያ ለምን አልገባህም?"

"ያን ጊዜ አሁን ያየነውን አላየሁም ነበር፣ አቶ አበጀ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ክንዴ ተነሥቶ "እኛ ለመግባት ዝግጁ ነበርን፤ የመለሰን እሱ ነው" አለ። አንማው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ከክንዴ ንግግር የበለጠ ይስማውን ጎዳው። ፈንቴ ከተቃጠለው ሸለቆ ያመጣውን የቀፎ ስባሪ ከጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ስብሰባው እስኪያበቃ ስባሪውን እያየ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው በጋ ይስማውን የጠራው አልነበረም። መኪናው ለአንማው ተሰጠ፤ መሪውንም አለቅነቱንም አንድ ላይ ያዘ። ይስማው በሩን ዘግቶ አልተቀመጠም፤ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ክንዴ ሲያገኘው "የሸለቆው ጀግና መጣ!" እያለ ሰው ያስቅበታል። ይስማው ሰላም ብሎት ያልፋል። ፈንቴ ግን ሰላምታውን አይመልስም ነበር።

አንማው አለቃ በሆነበት በጋ አጋማሽ ላይ ከላይ ሰፈር ባለው ተራራ እሳት ተነሣ። ሰፈሩ ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ሰዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ አስቀድመው ወርደዋል። የቀረው ገና ያልተወቃው የእህል ክምር ነው፤ የዓመት ቀለባቸው። መንገዱ የሚያልፈው በአስታ መካከል ነው። አስታ ደግሞ ሲደርቅ በጋዝ የራሰ ይመስል የሚነድ ቁጥቋጦ ነው።

አንማው ከአስታው ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከመንገዱ ዳር የቆሙ የሰፈሩ ሴቶች መኪናውን ሲያዩ እልል አሉ። "አንማው መጣልን! ይሄ እንደዚያኛው አይደለም!" አለች አንዷ። ትርንጎ ከጎኑ ሆና "ነፋሱን አየኸው?" አለችው። ሰምቷታል። ግን እልልታው ከእሷ ድምፅ በልጦ ተሰማው። ቤንዚኑን ረግጦ ገባ።

ክምሩ ጋ ደርሰው ቱቦውን እንደ ፈቱ እሳቱ ከኋላቸው መንገዱን ዘለለው። ከፊት ገደል፣ ከኋላ እሳት ሆነ። ጭሱ ፀሐይዋን ሸፈናት። ትርንጎ ውሃውን ወደ መኪናው መልሳ መርጨት ስትጀምር ፓምፑ በጭሱ ታፍኖ ደጋግሞ ሳለና ጠፋ። ክንዴ ያ ሁሉ ጉልበቱ ከድቶት ዶማውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንማው ሁለቱንም እየጎተተ ከመኪናው ስር አስገባቸው። ፊታቸውን አፈር ውስጥ ቀበሩ። የመኪናው ቀለም ሲፈላ፣ ሲንጣጣ ይሰማል። ትርንጎ "ስንዱ፣ ስንዱ፣ ስንዱ" እያለች የልጇን ስም ትጠራ ነበር። አንማው ያን ጊዜ ያሰበው ስለ ራሱ አልነበረም። የትርንጎ እናት በር ላይ ቆሞ ምን ብሎ እንደሚናገር ነበር የሚያስበው። ቃል ፈለገ፤ አንድም አላገኘም።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ለምን እንደ ዞረ ማንም አያውቅም። እሳቱ ከመኪናው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፣ ወደ ሌላው ጎን ተኛ፣ ወደ ዓለቱ ሄደና የሚበላው አጥቶ ከሰመ። ሦስቱ ከመኪናው ስር ወጡ። አንማው ፓምፑን አስነሣው፤ በቀረው ውሃ ከክምሩ ዙሪያ መጨስ የጀመረውን ሣር አጠፉ። የሰፈሩ ሰዎች ወደ ላይ ሲመጡ ያዩት ፊታቸው በጥቀርሻ የጠቆረ ሦስት ሰዎችና ምንም ያልሆነ ክምር ነው። አንማውን ከመሬት አንሥተው ተሸከሙት።

ወሬው አገሩን ሞላው። ክንዴ በየመሸታ ቤቱ ሲያወራ ታሪኩ በየቀኑ እያማረ ሄደ። መጀመሪያ "ነፋሱ አተረፈን" ይል ነበር። ቆይቶ "አንማው ነፋሱ እንደሚዞር ያውቅ ነበር" ማለት ጀመረ። በመጨረሻ እሱም አመነው። ኮሚቴው አንማውን በሕዝብ ፊት ካባ ሊያለብሰው ወሰነ።

አንማው ግን ምግብ አልበላ አለው። ሰው ሲያመሰግነው አንገቱን ይደፋል፤ ሰዎቹ ትሕትና ይመስላቸዋል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ እጁን ጨብጦ "አለቃ ማለት እንዲህ ነው! ይስማው ቢሆን ኖሮ ክምራችንን አመድ ያደርገው ነበር" አለው። ያን ዕለት አንማው ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ይስማው ቤት ሄደ።

ይስማው ከደጁ ጣውላ እያላገ አገኘው። አንማው ሰላም ብሎ ቆመ። መላጊያው ጣውላው ላይ ሲመላለስ ለጥቂት ጊዜ አየ።

"አያ ይስማው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ከሸለቆው አፍ ላይ ስትመልሰን እንዴት አወቅህ?"

"ምኑን?"

"አደጋ መኖሩን።"

"አላወቅሁም" አለ ይስማው።

"አላወቅሁም ማለት?"

"አላወቅሁም ማለት አላወቅሁም ነው። እሳቱ መንገዱን ሊዘጋው ይችል ነበር፤ ላይዘጋውም ይችል ነበር። እንዳየኸው አልዘጋውም። ባውቅማ ኖሮ ምን ችግር ነበረው? ስላላወቅሁ ነው የመለስኳችሁ።"

አንማው መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ከአስታው ውስጥ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ክንዴ የማያወራውን፣ የፓምፑን መጥፋት፣ ፊታቸውን አፈር ውስጥ መቅበራቸውን፣ የትርንጎን ጥሪ። ይስማው ሥራውን አቁሞ ሰማው።

"አትጸጸትም?" አለ አንማው ሲጨርስ። "ፈንቴ ቀፎዎቹን አጣ። አንተም ስምህን አጣህ።"

"ስለ ቀፎዎቹ አዝናለሁ። ፈንቴ ያጣቸው በእኔ ውሳኔ ነው፤ ይህን አልክድም። ሰላምታዬን ባይመልስ አልፈርድበትም።" ይስማው ጣውላውን በመዳፉ አበሰው። "ስለ መመለሳችን ግን ስትጠይቀኝ ምን ልበልህ? ክንዴ በገበያው መካከል ይሰድበኛል። ሲሰድበኝ ድምፁን እሰማዋለሁ። ለመስደብ የሚበቃ ትንፋሽ አለው። ለእኔ ይበቃኛል።"

አንማው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"ካባ ሊያለብሱኝ ነው" አለ አንማው በመጨረሻ። "ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን እልሃለሁ? ካባ ጥሩ ነገር ነው፤ ይሞቃል።"

አንማው ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

የካባው ቀን ደረሰ። የሁለቱም ሰፈር ሰው በኮሚቴው ግቢ ሞላ። አቶ አበጀ ካባውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው "ና፣ ጀግናው" ሲሉ አንማው ወጣ፤ ግን ትከሻውን አላዘነበለላቸውም።

"አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ካባው ለእኔ አይገባም" አለ። "እኔ ሁለት ሰዎችን ወደ እሳት አስገብቼ መውጫ አሳጣኋቸው። ያወጣን ነፋሱ ነው። ሳይዞር ቢቀር ኖሮ ዛሬ የምትሰበሰቡት ለልቅሶ ነበር። ማመስገን ከፈለጋችሁ ነፋሱን አመስግኑ። ከሰውም ማመስገን ከፈለጋችሁ ይስማውን አመስግኑ፤ እሱ ሦስታችንንም ወደ ቤታችን መልሶናል።"

ግቢው ተንጫጫ። አቶ አበጀ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ እንጂ፣ ልጄ። እንግዲህ በአንተ አባባል እንደ ይስማው ብትመለስ ኖሮ ክምሩ ይቃጠል ነበር?"

"አዎን፣ ይቃጠል ነበር።"

"ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበላ ነበር?"

"ይራብ ነበር። እኔንም ትሰድቡኝ ነበር። ስድቡን መሸከም አቃተኝ፣ አቶ አበጀ። የገባሁት ለክምሩ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እልልታው ጥሞኝ ነው።"

ክንዴ "ኧረ ተው አንማው፣ ራስህን አታዋርድ" ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በሰው ፊት መናገር አትወድም ነበር።

"ክንዴ፣ አንተም ከጎኔ ነበርክ" አለች። "ከመኪናው ስር እጄን ይዘህ ነበር። እጄ ላይ የጥፍርህ ጠባሳ አለ፤ ላሳያቸው?" ወደ ሕዝቡ ዞረች። "እኔ የልጄን ስም እየጠራሁ ሞቴን እጠብቅ ነበር። ከተራራው ከወረድን ጀምሮ ሁላችሁም ስለ ክምሩ ጠየቃችሁኝ። ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ተናግራ ተቀመጠች። አቶ አበጀ ካባውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አንዳንዱ ሰው ተቆጥቶ ወጣ፤ ደስታችንን አበላሸብን ብሎ። አንዳንዱ ደግሞ እየተከዘ ወደ ቤቱ ሄደ። ፈንቴ ከግቢው ጥግ ሆኖ "የእኔ ቀፎ ግን አልተመለሰም" አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። እውነቱን ነው፤ አልተመለሰም።

ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ ለሚቀጥለው በጋ ይስማውን መልሶ ጠራው። ሁሉም አልተስማማም። አንማው ወደ ሾፌርነቱ ተመለሰ፤ ትርንጎም መጣች። ክንዴ ግን ሌላ ሥራ ፈልጎ ሄደ።

ይስማው መኪናውን ከመረከቡ በፊት ወደ ፈንቴ ቤት ሄደ። ፈንቴ ከግቢው አዲስ ቀፎ እየጠፈረ ነበር። ቀና ብሎ አየው፤ ግባም አላለውም፣ ሂድም አላለውም። ይስማው ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

"ወደ ሸለቆው ቀፎ ልትመልስ እንደሆነ ሰማሁ" አለ። "አስቀድሜ ልነግርህ ነው የመጣሁት። እሳቱ እንደዚያን ቀን ሆኖ ቢመጣ፣ እንደዚያን ቀን እመለሳለሁ። ሳታውቀው እንዳትሰቅል ብዬ ነው።"

ፈንቴ ጠፍሩን ከእጁ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ መጣ፣ ሄደ፤ ደግሞ ድካም መጣ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ በመጨረሻ። "ያን ቀን ምን ቢኖር ኖሮ ትገባልኝ ነበር?"

ይስማው ተገርሞ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ለምን አልገባህም ብሎት ነበር። ይህን የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

"መኪናው የሚዞርበት ቦታ ቢኖር" አለ። "የመንገዱ ግራና ቀኝ ሣርም ታጭዶ ቢሆን። መውጫዬን ባየው እገባ ነበር፣ ፈንቴ። መግባትማ ፈልጌ ነበር።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ፈንቴ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይስማው አየው። የአጥሩን መዝጊያ ከፍቶ ገባና ከጎኑ ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት ፈንቴ ማጭድና ዶማ ይዞ ወደ ማር ሸለቆ ብቻውን ወጣ። በማግስቱ ይስማውና አንማው ተከተሉት። ከዚያ ጎረቤቶቹ መጡ፤ ከላይ ሰፈርም ክምራቸው የተረፈላቸው ሰዎች መጡ። የመንገዱን ዳርና ዳር አጨዱ፣ ከቀፎዎቹ ስር ያለውን ተዳፋት ቆርጠው መኪና የሚዞርበት ሜዳ አወጡ። አቶ አበጀም በሽምግልናቸው ድንጋይ ሲያቀብሉ ዋሉ። ማር ሸለቆ ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም። ስለዚህ ድካማቸው ይጥቀም አይጥቀም እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።

ወዳጆቼ፣ ያልደረሰ መከራ ምስክር የለውም። ከአደጋ የመለሰን ሰው ያዳነን መሆኑን ማሳየት አይችልም፤ ምክንያቱም ከመዳናችን በፊት የሚታይ ሞት አልነበረም። ወደ አደጋ የወሰደንና በዕድል የወጣ ሰው ግን የሚያሳየው ብዙ አለው። ስለዚህ ፈሪ የምንለው ሰው አንዳንዴ ጠባቂያችን ነው፤ ጀግና የምንለውም አንዳንዴ ነፋስ የዞረለት ሰው ነው። ሌሎችን የሚመራ ሰው ይህን ያውቅ ዘንድ ይገባዋል፤ ልክ ሠርቶም የሚሰደብበት ቀን ይመጣል፣ ተሳስቶም የሚመሰገንበት ቀን ይመጣል። ሁለቱንም ችሎ እውነቱን መናገር የሚችል እሱ አለቃ ነው።

እኛ የምንመራው ሰዎች ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። በቤታችን፣ በመሥሪያ ቤታችን፣ በአገራችን ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ "ለምን አልገባህም?" ለማለት እንቸኩላለን። አንተስ፣ አንቺስ፣ ካጠገባችሁ ላለው እንዲህ ያለ ሰው "እንድትገባ ምን እናዘጋጅልህ?" ብላችሁ የጠየቃችሁት መቼ ነው?